የትኛው መርከብ ያሳርፋል?

ኩዊን ሜሪ 2 ከእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሥታ ኒው ዮርክ እስክትደርስ በተለመደው ጉዞዋ ሰባት ሌሊት ይፈጅባታል። በመካከል የምትቆምበት ወደብ የለም፤ ከውቅያኖስ በቀር የሚታይ ነገርም የለም። ወደ ምዕራብ ስትጓዝ በአምስት ሌሊቶች፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ የመርከቧ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ተሳፋሪው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ አምስት ሰዓት ያላቸው አምስት ቀናት ያገኛል ማለት ነው። አውሮፕላን ቀን ሳይሞላው የሚጨርሰውን መንገድ በሳምንት ለመሄድ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ይህንኑ የተትረፈረፈ ጊዜ ነው። ጊዜው የሚሞላው በቤተ መጻሕፍት፣ በምሁራን ንግግር፣ በከሰዓት በኋላ ሻይ፣ መርከቧን ዙሪያዋን በሚከብ የእግር መንገድ ነው። አመሻሽ ላይ ልብስ ይቀየራል፤ በተመረጡ ምሽቶች ወንዶች በጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ሴቶች በረጅም ቀሚስ ለራትና ለዳንስ ይወርዳሉ። እሑድ ባሕር ላይ ከዋሉ ደግሞ የጸሎት ሥነ ሥርዓቱን ካፒቴኑ ራሱ ይመራል፤ የመርከቧ ባለቤት በሆነው በኩናርድ ኩባንያ መርከቦች የቆየ ልማድ ነው።

አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ ሌላ ዓለም ናት። ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከሚያሚ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 365 ሜትር ገደማ፣ ፎቆቿ 20 ናቸው፤ ጢም ብላ ስትሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ትይዛለች። ሰባት መዋኛ ገንዳና ስድስት ትልልቅ የውኃ መንሸራተቻ አላት። በገመድ ታስሮ ከባሕሩ በላይ በጠባብ መረማመጃ ለመሄድ የሚደፍር ካለም ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ሕፃናት ለያዙ ቤተሰቦች የራሳቸው ሰፈር አላቸው። መርከቧ ሳምንቱን በካሪቢያን ከደሴት ደሴት ትዞራለች፤ ሙዚቃው፣ ውድድሩና ትርኢቱ ከጠዋት እስከ ሌሊት ይፈራረቃል። እዚህ ባሕሩ አጃቢ ነው። ሰው የመጣው መርከቧ ውስጥ ላለው ነገር ነው።

ለዕረፍት ገንዘብ አጠራቅሞ ከሁለቱ አንዷን የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ዋጋና ስለ ድባብ ነው። አንዱ ጸጥታ ይወዳል፣ ሌላው ሞቅታ፤ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ይሂድ ተብሎ ነገሩ ሊዘጋ ይችላል። ዳሩ ግን ከዚህ ምርጫ ሥር ያለው ጥያቄ፣ ደስታ ሁሉ እኩል ነው ወይ የሚለው፣ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ሳያቅማማ መልሶት ነበር። የሚመዘነው የደስታው መጠን ብቻ ነው፤ መጠኑ እኩል እስከሆነ ድረስ ተራ የልጆች ጨዋታ ከሙዚቃም ከግጥምም አያንስም አለ። በቤንታም ሚዛን ባለ መንሸራተቻዋ መርከብ ከባለ ቤተ መጻሕፍቷ የምታንስበት ምክንያት የለም፤ ሰዉ ይበልጥ የሚስቀው እሷ ላይ ከሆነ እንዲያውም ትበልጣለች። በዚህ ትምህርት ተኮትኩቶ ያደገው ጆን ስቱዋርት ሚል ግን ኋላ ላይ ከመምህሩ ተለየ። አባቱ በሦስት ዓመቱ ግሪክኛ፣ በስምንት ዓመቱ ላቲን አስጀምሮታል፤ እንደ ልጅ የተጫወተበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1826፣ በሃያ ዓመቱ፣ የሚታገልለት ለውጥ ሁሉ ቢሳካ ደስተኛ ይሆን እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። መልሱ አይሆንም ነበር። ከዚያ ጭለማ እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ የገጣሚው ዎርድስዎርዝ ግጥም ነው። በ1861 ባሳተመው ጽሑፍ ደስታ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይለያያል ብሎ ሲከራከር፣ ሕይወቱ የፈተነው ሐሳብ ይዞ ነው።

ሚል የላቀውን ደስታ ከተራው የምንለይበትን መንገድ አስቀምጧል፦ ሁለቱንም በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ይጠየቁ። ለመርከቦቹ ይህ መንገድ የሚሠራ ይመስላል፤ ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ ያደረጉ ሰዎች አይታጡምና። ችግሩ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰው ሆኖ አለመቆየቱ ነው። በሠላሳ ዓመቷ ሁለት ሕፃናት ይዛ የተሳፈረች እናት በሰባ ዓመቷ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ስትሳፈር መልሷ ይለወጣል፤ ሁለቱም መልሶች ግን እውነተኛ ናቸው። ሚል ራሱ ሌላም ነገር አስተውሏል። ለላቀው ደስታ ያለን ዝንባሌ ካልተንከባከቡት በቀላሉ ይሞታል፤ ማንበቢያ ጊዜ ያጣ ሰው ቀስ በቀስ የማንበብ ፍላጎቱንም ያጣል። ፈራጁ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱን በሌሊት ፈረቃ ስትሠራ የከረመች ነርስ ወይም በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ሲነዳ የኖረ አባት ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ መንሸራተቻውን ቢመርጥ፣ ወቀሳው ለሰውየው ሳይሆን እንዲያ ላደከመው ኑሮ ነው።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ አሥረኛ ክፍል ጨዋታን እንደ ማገገሚያ ያየዋል። ሰው የሚጫወተው ኃይሉን መልሶ ወደ ቁም ነገሩ ለመመለስ ነው፤ ጨዋታ ራሱ የኑሮ ግብ ሊሆን አይችልም። እውነተኛው የዕረፍት ጊዜ ግን ለእሱ የሥራ ማገገሚያ አይደለም። እንዲያውም የምንሠራው ለዚያ ጊዜ ብለን ነው፤ አእምሮ ነጻ ሆኖ የሚያሰላስልበት ጊዜ ነውና። በዚህ ዓይን ሲታዩ ሁለቱ መርከቦች አንድ ሸቀጥ በሁለት ማሸጊያ አይሸጡም። አንዷ የደከመን ታድሳለች። ሌላዋ ያልደከመ ሰው ምን ያደርግ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ ሆኖ የሚሳፈር ሁሉም አይደለም።

ይህ ሁሉ መጽሐፈ መክብብን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በምዕራፍ 2 ሰባኪው ልቡን በደስታ ሊፈትን ይነሣል፤ አትክልት ይተክላል፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሠራል፣ አዝማሪዎች ይሰበስባል፣ ዓይኑ ከፈለገው አንዱንም አይከለክለውም። ዝርዝሩ ከአይኮን ዝርዝር ብዙ አይርቅም። ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው ፍርዱ በሰፊው ይታወቃል፤ የምዕራፉ መጨረሻ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እዚያ ላይ መብላት፣ መጠጣትና በድካም መካከል ደስ መሰኘት ከእግዚአብሔር እጅ የሚገኝ መሆኑን ይመሰክራል። ስለዚህ ሰባኪው የነቀፈው ደስታን ሳይሆን፣ ደስታ የኑሮን ትርጉም ሁሉ ይሸከምልኛል ብሎ የጠበቀውን ልቡን ነው። ይህ ነቀፋ ባለ ጸጥታዋን መርከብም አይምርም። በጸጥታና በመልካም አለባበስ ነፍሱ የምትፈወስ የመሰለው ሰው በአራተኛው ቀን ያንኑ ባዶነት ያገኘዋል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል ጉዳዩን ወደ ሥሩ ወስዶታል። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1670፣ በታተሙት ማስታወሻዎቹ ሰው አደንና ቁማርን፣ ሁካታንም የሚያሳድደው ስለሚያስደስቱት ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ እንዳያስብ ስለሚጋርዱት ነው ይላል። ንጉሥን እንኳ ያለ አጫዋች ብቻውን ተዉት፤ ሟችነቱን ማሰብ ይጀምራል፣ ከተራ ሰው ይልቅም ያዝናል። ይህ ትችት ለአይኮን ልክ የተሰፋ ይመስላል። ኩዊን ሜሪ 2 ላይም ግን ቀኑን ከንግግር ወደ ሻይ፣ ከሻይ ወደ ዳንስ እየሮጡ መጨረስ ይቻላል፤ ቁም ነገር የለበሰ መጋረጃም መጋረጃ ነው።

ነቢዩ ዮናስን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ጸጥታንም ይጠረጥራል። ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ኢዮጴ ወርዶ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፤ ዋጋዋንም ከፍሎ ተሳፈረ። በማዕበሉ መካከል ሌሎቹ ሲጨነቁ እሱ በመርከቡ ውስጠኛ ክፍል ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ የነነዌን ሦስት ቀን የሚጾም ምእመን ታሪኩን ያውቀዋል፦ ያ ጥልቅ ጸጥታ የሸሸ ሰው ጸጥታ ነበር። ድባብ ብቻውን ሰው ማረፉንና መሸሸቱን አይለይም። የሚለየው ተሳፋሪው ወደብ ላይ ጥሎት የሄደው ጉዳይ ነው፤ ያልተመለሰለት ስልክ፣ ያልታረቀው ወንድም፣ ያላለቀሰለት ሐዘን።

ስለ ድባብ ሲነሣ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቴድ አሪሰን እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረተው ካርኒቫል መርከቦቹን የፈንጠዝያ መርከቦች ብሎ በማስተዋወቅ የታወቀ ነው። ይኸው ኩባንያ በ1998 ጭምቱን ኩናርድ በእጁ አስገባ። የአይኮን ባለቤት ሮያል ካሪቢያንም ትንንሽና ጸጥተኛ መርከቦች ያሉትን ሲልቨርሲን በ2018 በእጁ አድርጓል። ጭምትነትም ሞቅታም በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ ጎን ለጎን የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። ኩዊን ሜሪ 2 ላይ ተሳፋሪው ራት የሚበላበት አዳራሽ በተከራየው ክፍል ዋጋ ይለያል፤ ስለዚህ ሥርዓትና ትሕትና አንድ ናቸው ብሎ የሚሳፈር ይሳሳታል። ይህ ማለት ግን ልዩነቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ባዶ ሰዓት የሚተው መርከብ ሰው ቀልቡን እንዲሰበስብ ዕድል ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ሰዓት የሚሞላ መርከብ ያን ዕድል ያጠብባል። ለምርጫው አቅምና ጤና ያለው፣ ልጆችም ያልያዘ ሰው ወደ መጀመሪያዋ ቢያዘነብል ይሻለዋል። ለባለ ሕፃናቱ ቤተሰብ ግን አብሮ መሳቅ ራሱ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ልጆቹ በጸጥታው መካከል ዝም በሉ እየተባሉ ሳምንት ቢከርሙ ማንም አያርፍም።

ከዚህ ሁሉ በታች፣ ተሳፋሪው በማያየው ፎቅ፣ ሁለቱንም ድባብ የሚሠሩት ሰዎች ይኖራሉ። ከቤተሰባቸው ለወራት ተለይተው አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሳህን የሚያጥቡ፣ ሞተር የሚጠብቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10፣ በሳምንት የ77 ሰዓት ዕረፍት ይደነግግላቸዋል። ይህን ዝቅተኛ ልክ አንድ ተሳፋሪ ከሚያርፈው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1920 በግላስጎው የተጀመረው የካቶሊክ ማኅበር ስቴላ ማሪስ ካህናትና በጎ ፈቃደኞች በየወደቡ መርከብ ላይ እየወጡ የሚጠይቁት እነዚህን ሰዎች ነው። በኩናርድም በሮያል ካሪቢያንም የአገልግሎት ጉርሻ አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ በተሳፋሪው ሒሳብ ላይ ይደመራል፤ የማይፈልግ ሰው የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ ማስቀነስ ወይም ማሰረዝ ይችላል። ድባቡን ለመምረጥ ወራት ያሰላሰለ ሰው ይህን ውሳኔ በጉዞው መጨረሻ ምሽት፣ ሻንጣውን እየዘጋ፣ በደቂቃ ይወስነዋል። ሊታሰብበት የሚገባው ግን ትኬቱ ሳይቆረጥ ነው፤ ጉርሻው ከትኬቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ፣ አቅም ካልፈቀደም ርካሽ ክፍል ተመርጦ።