በተማሪ እጅ የገባ ድምፅ

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን የሚያበቃው በማስነገር ነው። ተማሪው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን ጉባኤ ቃና በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ያቃናል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ያፈርሰዋል። በዋሸራና በጎንጅ ስንቱ ሊቅ የወጣው በዚህ ልማድ ነው። በዚህ ሥርዓት የተማሪው ስሕተት የሚጎዳው ሰው የለም፤ የተሰበረው ቤት ከጉባኤው አጥር ሳይወጣ ይጠገናልና።

የሬዲዮና የቴሌቪዥንን ሙያ በተግባር የሚያስተምር ሰው ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በእርግጥ ይህም ሙያ በቃል ትምህርት ብቻ አይያዝም። ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ድምፅ እንዴት እንደሚቀረፅ በእጁ ያልሞከረ አያውቀውም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ሙያውን በሥራው ላይ ሆነው የተማሩት ብዙዎች ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ተማሪው የሚለማመደው በሰው ቃል ላይ ነው።

አንድ የዳንግላ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ መቅረጫውን ይዞ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ቆመ እንበል። ዕለቱ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። አንድ አዛውንት ያነጋግራል። አዛውንቱም በአዊኛ ስለ ፈረሳቸው ይጀምሩና ስለ ግጦሹ መሬት መጥበብ ያማርራሉ፤ ተመልሰው ደግሞ በአባታቸው ኮርቻ ይመካሉ። ለተማሪው የተፈቀደለት ሁለት ደቂቃ ነው። ምሬቱን ቆርጦ ይጥላል፣ ሙገሳውን ያስቀራል፣ ወደ አማርኛም ይመልሰዋል። ሥራው ሲደመጥ ያምራል፤ የፈረሱ ኮቴ ሳይቀር በቦታው ገብቷል። ይሁን እንጂ አዛውንቱ የተናገሩት ይህን አልነበረም።

መምህሩ ምን ያድርግ? ራሱ ቆርጦ ቢቀጥለው ዝግጅቱ ይቃናል፤ ልጁ ግን ከመታዘዝ በቀር የተማረው ነገር አይኖርም። እንዳለ ቢለቀው ልጁ በስሕተቱ ይማር ይሆናል፤ የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍሉት ግን አዛውንቱ ናቸው። እርሳቸው ደግሞ የማንም መለማመጃ ሊሆኑ አልተመዘገቡም።

የሚቀረው መንገድ ልጁን አውቶቡስ አሳፍሮ ወደ እንጅባራ መመለስና የቆረጠውን ለባለቤቱ እንዲያሰማ ማድረግ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የዝግጅቱም ሰዓት ያልፋል። «ሬዲዮ ሰዓት አይጠብቅም» የሚሉ ነባር ባለሙያዎች እዚህ ላይ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውም መሠረት የለሽ አይደለም፤ ሰዓት ማክበር የሙያው ግማሽ ነውና። ቢሆንም ለተማሪ ሰዓቱ ይለፍበት። አስቀድሞ ፍጥነትን የተማረ እጅ ኋላ ጥንቃቄን ሲነግሩት አይሰማም። በ1985 እና በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ ሕዝብን ለእልቂት የቀሰቀሰው ጣቢያ አስተዋዋቂዎች ሙያ አልጎደላቸውም ነበር፤ ጨዋታ አዋቂዎች ነበሩ፣ ወጣቱም በጉጉት ያዳምጣቸው ነበር። ንጽጽሩ ለሁለት ደቂቃ ዝግጅት እጅግ ከበደ የሚል ይኖራል፤ እውነትም ከብዷል። ነገር ግን ሰውን በስሙ የሚጠራ ሰው ሳይሆን ለዝግጅት የሚያገለግል ድምፅ አድርጎ መቁጠር የሚለመደው እንዲህ በትንሹ ነው።

መምህሩ ከልጁ ጋር አብሮ ይሂድ ወይስ ብቻውን ይላከው? ብቻውን ቢልከው ይሻላል። ሁለት የተማሩ ሰዎች ከፊታቸው ሲቀመጡ አዛውንቱ በይሉኝታ «ደግ ሠርታችኋል» ብለው ሊያሰናብቷቸው ይችላሉ። ከልጁ ጋር ብቻ ሲሆኑ ግን ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ የጎደለውን በራሳቸው ቋንቋ ይነግሩታል። ምናልባትም ልጁ ምሬቱን ሊመልስ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ «ተወው፣ እርሱስ ይቅር» የሚሉት ራሳቸው ይሆናሉ።