የወደቀውስ ድል የለውም?

ዳንግላ ያደገ ሰው ጥር 23ን ያውቃታል። የአገው ፈረሰኞች ሜዳውን አቧራ ሲያለብሱት እልልታው ሁሉ ቀድሞ ለገባው ነው፤ ፈረሱ የተሰናከለበት ጋላቢ ወደ ዳር ወጥቶ ልጓሙን ሲያስተካክል ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም አላየሁም ነበር። ዛሬ ግን ወገኖቼ፣ ስለዚያ ሰው ጥቂት ብንነጋገር ምን ይመስላችኋል?

ነገሩን የቀሰቀሰው ዶርም ውስጥ የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን «ሰው ከፈለገ ይችላል፤ ምስክሬ አበበ ቢቂላ!» አለ። እውነቱን ነው። አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የሮጠው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሌላው ገና መንገድ ላይ ሳለ እሱ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህን ሰምቶ «የፈለገ ይችላል» የማይል ማን አለ?

ታዲያ ሜክሲኮን የት እናድርጋት? በ1961 ዓ.ም. ያው አበበ፣ ያው ልብ፣ እግሩ ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። ፈቃዱ አነሰ እንበል? ያሳፍራል እኮ! ቶኪዮ ላይ ቁስሉ ጠገገለት፣ ሜክሲኮ ላይ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ቀናት ቀደም ብሎ በ10 ሺህ ሜትር ብር ያገኘው ማሞ ወልዴ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ።

«ይህማ የአርባ ቀን ዕድል ነው» የሚልም አይጠፋም። እሱንም አልቀበልም። ዕድል ማሞን ያገኘችው እየሮጠ ነው፤ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ በአጠገቡ ታልፍ ነበር።

ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በጎ ፈቃድ አንዳች ነገር ባያከናውን እንኳ እንደ ዕንቁ በራሱ ያበራል ይላል። ሸጋ ነው። ሊቁ ግን ስታዲየም ገብቶ አያውቅም (ቀልዴን ይቅር በሉኝ)። እኛ የምናየው ዕንቁውን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው።

በዚያው በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አበበ በቮልስዋገን መኪናው አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። ከመካከላችን ስንቱ ነው ይህን የሚያወራው? ለኔ ግን ያ ቀስት ከሮም ባዶ እግር አያንስም፤ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም። ሮም ላይ ሰውነቱ ያግዘው ነበርና።

ጉዳት ታሪክ የሚሆነው በወርቅ ሲያልቅ ብቻ ከሆነ፣ ያልቀናው ሰው ምን ቀረለት? ዳንግላ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ቡድን ቀየረ፣ ከተማ ቀየረ፣ ጉልበቱ ግን ያው ሆነ። አሁን ሰፈር ሲገባ «ሰነፈ፣ ተስፋ ቆረጠ» ይሉታል። ያንን ጉልበት እየጎተተ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ሲነሳ ያየሁት እኔ ነኝ። በዚያ ክርክር መሃል ስሙን ልጠራ ብዬ ተውኩት፤ «እሱ ደግሞ ማነው?» እንደሚሉኝ አውቅ ነበርና።