በዛፎች መካከል የሚፈልገን ማን ነው?

የምንባቡ ክፍል፤ ማርቆስ 6፥30-46



እናንተ በደጋው አገር የምትኖሩ ምእመናን ከቤታችሁ ደጃፍ ሆናችሁ ጥዱንና ወይራውን፣ ዝግባውንና ባሕር ዛፉን ታያላችሁ። እኛ ግን በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር፣ በሞያሌ ከተማ ለምንኖር፣ ዛፍ ማለት ብዙውን ጊዜ እሾኻም ግራር ማለት ነው። ጥላውም ጥቂት ስለ ሆነ ፍየልና እረኛ፣ መንገደኛና ነጋዴ ይሻሙበታል። በዚህ ደረቅ ምድር በመኖራችን አንድ ነገር ተመልክተናል፤ ይኸውም የሰው ልብ ዛፍ ባጣ መጠን ዛፍን አብዝቶ የሚናፍቅ መሆኑ ነው።

ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ዲዳ ገልገሉ የሚባለውን ድንጋያማ ምድረ በዳ አቋርጦ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ማርሳቢት ተራራ ይደርሳል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን ላዩ በዱር ተሸፍኗል። ዙሪያው ሁሉ በረሃ ሳለ በእርሱ ላይ ጉም ይተኛል፤ ከዛፎቹም ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት ይንጠለጠላል። መንገዱን ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ትርፍ ሲከራከሩ የመጡ ሰዎች ያን ዱር ባዩ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ መስኮቱንም ከፍተው አየሩን ይስባሉ። ይህ ዝምታ ከወዴት መጣ? የሰው ልብ ወደ ዱር የሚሳበው ስለ ምንድር ነው? ዛሬ በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን ልንመረምረው የምንወደው ይህን ነው።

ሊቃውንት ለዚህ ነገር ምላሽ አላቸው፤ ምላሻቸውም የሚናቅ አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. የጃፓን አገር የደን መሥሪያ ቤት ሕዝቡ በዱር ውስጥ ቀስ ብሎ እየተመላለሰ እንዲያርፍ መከረ፤ ነገሩም «በዱር መታጠብ» ተብሎ ተሰየመ። በዚሁ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 በሽተኞች መዝገብ መርምሮ ጽሑፍ አወጣ። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፎችን ያዩ ነበር፤ እኩሌቶቹ ደግሞ የጡብ ግንብ ብቻ። ዛፎቹን ያዩት ከሆስፒታል ፈጥነው ወጡ፤ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ወሰዱ። እግዚአብሔር ሰውን አስቀድሞ ያኖረው በገነት ዛፎች መካከል ነውና፣ ሥጋችን የመጀመሪያ ቤቱን የሚመስል ነገር ባየ ጊዜ ቢያርፍ ልንደነቅ አይገባንም።

ነገር ግን የነፍስ ነገር ከዚህ ይጠልቃል። ሞያሌ የድንበር ከተማ ናት። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በዚያ የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፈቱ። በድንበር የሚያልፍ ሰው ከወዴት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ተሸክመሃል፣ ወረቀትህስ የት አለ ተብሎ ይጠየቃል። ሥርዐቱ ተገቢ ነው፤ አገር ያለ ሕግ አይጠበቅምና። ይሁን እንጂ ሰው ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ባለ ጥያቄ ፊት ቆሞ ይኖራል። አበዳሪው ይጠይቀዋል፤ አለቃው ይጠይቀዋል፤ ቤተ ሰቡ ይጠይቀዋል፤ ሌሊትም በመኝታው ላይ ሕሊናው ይጠይቀዋል። ወደ ዱር በገባ ጊዜ ግን ጥዱ ወረቀት አምጣ አይለውም፤ ወፉም ዕዳውን አይቈጥርበትም። እንግዲህ ብዙዎቻችን ወደ ዱር የምንሳበው የማንጠየቅበትን ስፍራ ስለምንናፍቅ ነው።

እዚህ ላይ ነፍሳችንን እንጠብቅ። አለመጠየቅ ሌላ ነው፤ ይቅር መባል ሌላ ነው። አባታችን አዳም ከበደለ በኋላ የሸሸው ወዴት ነበር? ወደ ዛፎች መካከል አልነበረምን? (ዘፍ. 3፥8)። ዛፎቹ አልከሰሱትም፤ ነገር ግን ሊያነጹትም አልቻሉም። ቅጠሉ ዕራቁትነቱን ለጥቂት ጊዜ ሸፈነለት እንጂ በደሉን አላነሣለትም። እግዚአብሔር ግን ወደ ዛፎቹ መካከል መጥቶ የት እንዳለ ጠየቀው። ያም ጥያቄ የጠፋ ልጁን እንደሚፈልግ አባት ጥያቄ ነበረ። እንግዲህ ሰው ወደ ዱር የሚሄደው በሁለት ልብ ነው፤ ወይም ከእግዚአብሔር ሊሸሸግ፣ ወይም በእግዚአብሔር ሊገኝ። መንገዱ አንድ፣ ዛፉም አንድ ነው፤ ልቡ ግን ይለያያል።

ነቢዩ ኤልያስን ተመልከቱ። ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተኝቶ ሞትን ለመነ (1 ነገ. 19)። ዛፉ ጥላ ሰጠው፤ ተስፋን ግን ሊሰጠው አልቻለም። መልአክ እንጀራና ውኃ አመጣለት፤ በኮሬብ ተራራም የጌታ ድምፅ ተናገረው፤ ወደ ሥራውም መልሶ ላከው። ጥላው ዕረፍት ነበረ፤ ሕይወት የሆነው ግን ቃሉ ነው። ስለዚህ በዱር ውስጥ ሰላም አገኘሁ፣ ቤተ ክርስቲያንና ቃለ እግዚአብሔር አያስፈልጉኝም የሚል ሰው ጥላውን ይዞ እንጀራውን የተወ ነው። ፍጥረት ሰጪ እንዳለ ይመሰክራል፤ የሰጪውን ስም ነግሮን ኀጢአታችሁ ተሰረየላችሁ የሚለን ግን ወንጌል ብቻ ነው።

ዳግመኛም ጌታችንን ተመልከቱ። ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ወደ አንድ የአትክልት ስፍራ ብዙ ጊዜ ይሄድ እንደ ነበረ፣ ይሁዳም ስፍራውን ያውቅ እንደ ነበረ ዮሐንስ ጽፎልናል (ዮሐ. 18፥1-4)። ፊተኛው አዳም በተፈለገ ጊዜ በዛፎች መካከል ተሸሸገ፤ ሁለተኛው አዳም ግን ችቦና መሣሪያ ይዘው በፈለጉት ጊዜ ወጥቶ ተገናኛቸው፤ ማንን እንደሚፈልጉም እርሱ ራሱ ጠየቃቸው። በእኛ ፈንታ ተጠየቀ፤ በእኛ ፈንታም በእንጨት ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ በክርስቶስ ያመነ ሰው የማይጠየቅበትን ስፍራ ፍለጋ መሸሽ የለበትም፤ ስለ እርሱ መልስ የሰጠለት ጌታ አለውና። እንዲህ ያለው ሰው በዱር ውስጥ ያለ ፍርሀት ያርፋል።

በምንባባችንም ጌታ ዕረፍትን አልናቀም። ሐዋርያቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ እንዲያርፉ የጠራቸው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ዕረፍት ስንፍና ነው የሚል ሰው ከጌታ ይልቅ ጨካኝ መሆኑን ይወቅ። ነገር ግን ሕዝቡ በእግር ሮጠው ቀደሟቸው። ጌታም ባያቸው ጊዜ ዕረፍቴን አስቀራችሁብኝ ብሎ አልተቈጣም፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ በለመለመው ሣር ላይ አስቀምጦም አበላቸው። ከዚያ በኋላ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ክርስቲያናዊ ዕረፍት እንዲህ ነው፤ ጎረቤቱን የሚያገኝበት እንጂ ከጎረቤቱ የሚሸሽበት አይደለም።

ዛሬስ ወደ ዱር ስንሄድ ቀድመውን የሚገኙ እነማን ናቸው? በእንጦጦ ዳገት የእንጨት ሸክም ተሸክመው ጐንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። በእኛም አገር እንዲሁ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው በቀሩ ጊዜ በቦረናና በማርሳቢት ብዙ ከብት አለቀ። መንጋው ያለቀበት ቤተ ሰብ ማገዶና ከሰል ሸጦ ከማደር በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? አንዱ ሊያርፍበት የሚሄድበት ዱር ለሌላይቱ ጀርባዋን የሚያጐብጥ ሸክም ነው። እኛ በጥላው ሥር ተቀምጠን ስናመሰግን እርስዋ በአጠገባችን ብታልፍ፣ ዛፍ ቈራጭ ብሎ መውቀስ ለአፋችን ይቀልላል። ጌታ ግን ሸክሟን ያያል። እኛንም ስለ እርስዋ ይጠይቀናል፤ ይህም ጥያቄ ልንሸሸው የማይገባን ነው።

በኬንያ አገር ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ነገር አስተዋለች። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ሴቶች ዛፍ የሚተክሉበትን ማኅበር መሠረተች፤ የገጠር ሴቶች ማገዶና ውኃ ማጣታቸውን ሰምታ ነበርና። በ1999 ዓ.ም. በናይሮቢ የካሩራን ዱር ለማዳን ዛፍ ልትተክል በሄደች ጊዜ ተደብድባ ራሷ ቈሰለ። ዱሩ ግን ዳነ፤ ዛሬም የከተማው ሰዎች በጥላው ይመላለሳሉ። እርስዋም በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለች። አንዱ የሚያርፍበት ጥላ ብዙውን ጊዜ ሌላው የደከመበት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ወደ ዱር ሂዱ፤ ነገር ግን ቃሉን ይዛችሁ ሂዱ። በዚያም ሳላችሁ ጌታ የት ነህ ቢላችሁ በክርስቶስ ታምናችሁ መልሱለት። ከተመለሳችሁም በኋላ እንጨት የምትሸከመውን እኅታችሁን አስቡ። አህያ ያለው አህያውን፣ ጋሪ ያለው ጋሪውን ያውስ። ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ መሥራት የሚያውቅ ለጎረቤቱ ይሥራ። በየጸሎት ቤቱ ግቢና በየቤቱ አጥር ዛፍ ይተከል። እርስዋም ቢያንስ በሰንበት ሸክሟን አውርዳ ከእኛ ጋር በጥላው ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትስማ።

የማርሳቢት ዱር ጉሙን በቅጠሉ ይይዛል፤ ጠብታው ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ወደ ዱሩ ገብተው የማያውቁ ሰዎችና እንስሶችም ከምንጩ ይጠጣሉ። የእኛም ዕረፍት እንዲሁ ይሁን፤ ከላይ የተቀበልነው ጸጋ ለተጠሙት ይውረድ።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፤ በዛፎች መካከል ስንሸሸግ ፈልገኸናልና እናመሰግንሃለን። ለደከመው ጥላን፣ ለተጨነቀው ሕሊና ይቅርታን፣ ሸክም ለበዛባት እጅ የሚሰጥ ወንድምን ስጥ። ለደረቀው ምድራችንም ዝናምን በጊዜው ላክ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።