ማስታወሻው የማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ፣ «ጋሼ፣ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። ለልጁ ማስታወሻ የሚሆን የቪዲዮ ካሜራ ልገዛ ነውና እስቲ ይምከሩኝ» አለኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኩት። አራስ ቤት መጋረጃው አይገለጥምና በትንሽ ብርሃን አጥርቶ የሚቀርጽ ይሁን። ድምፅ እንዳይበላብህ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ይኑረው። ስልክህ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ገንዘብህን ለገንፎው ቅቤ አውለው።

ምክሩ እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። ለመሆኑ ይህ ማስታወሻ የማን ነው? የአባት ነው? የእናት ነው? ወይስ ገና ያልተወለደው ልጅ?

የሥነ ልቦና ሊቃውንት እንደሚሉት አብዛኞቻችን ከሦስት ዓመት ዕድሜያችን በፊት የሆነውን አናስታውስም። ያ ዘመን የኛ ሆኖ ሳለ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው። ድሮ ቁልፉን የምትይዘው አያት ነበረች። «አንተ ስትወለድ እኮ…» ብላ ትጀምራለች፤ ደስ ያላትን ትጨምራለች፣ የሚያሳፍረውን ትውጣለች። ካሜራ ግን አይጨምርም፣ አይውጥም። ስለዚህ ልጁን የሚቀርጽ ሰው የራሱን ንብረት እያከማቸ አይመስለኝም፤ የሰው ዕቃ በአደራ እየተቀበለ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባል የለ?

አደራ ከሆነ፣ ባለቤቱ ምን ይፈልግ ይሆን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው፣ ራሱ ተኝቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያይበት ትዕግሥት ያለው አይመስለኝም። የሚፈልገው ያለፈውን ነው። የአያቱን ምርቃት በራሷ ድምፅ፣ እልል ያሉትን ጎረቤቶች፣ እናቱ ልጅ እግር ሳለች እንዴት ትስቅ እንደነበር። አባቱንም ይፈልጋል። አባት ግን ብዙ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ካሜራውን የያዘው እሱ ነዋ! አንዳንዴ ለሌላ ሰው ማቀበል ነው።

የአደራ ዕቃ ደግሞ አደባባይ አይሰጣም። ሴት አያቶቻችን አራስ ልጅን ከሰው ዓይን ይሸፍኑ ነበር። ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ተሳቀባቸው። ዛሬ ገና እትብቱ ያልደረቀ ልጅ ራቁቱን ሲታጠብ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። «ምን ችግር አለው፣ ሕፃን አይደል!» ይባላል። አዎ፣ ሕፃን ነው፤ እምቢ ማለት የማይችለውም ለዚህ ነው። ምጥ የያዛት እናትም ብትሆን እምቢ ለማለት ፋታ የላትምና አስቀድሞ ልትጠየቅ ይገባል።

አደራ ጠባቂ ዕቃው እንዳይበላሽም ያስባል። ቪኤችኤስ ካሴት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ማጫወቻውን ማምረት አቆመ። አርባ ዓመት መሆኑ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የመጣችው ትንሿ ሚኒ ዲቪ ካሴትም ያው ዕጣ ደረሳት። የሰርጉና የክርስትናው ካሴት በየቁም ሳጥኑ አለ፤ የሚያጫውተው የለም። ስለዚህ ከካሜራው ዋጋ ቀነስ አድርጎ ማስቀመጫ መግዛት፣ ቅጂውን ሁለት ቦታ ማኖር፣ በየጥቂት ዓመቱም ወደ አዲሱ ማሻገር ያስፈልጋል።

«ይህን ያህል ጣጣ ካለው ካሜራው ይቅራ!» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የአያቱን ፊት በአንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ፣ ድምፁን ጨርሶ ሰምቶ የማያውቅ ስንት ሰው አለ! ስጋታቸውን ግን አልንቀውም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊንዳ ሄንክል በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሙዚየም ውስጥ አንድን ዕቃ ሙሉውን ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ዕቃ ይልቅ ያነሱትን በደንብ አላስታወሱም። ካሜራው ያስታውስልኛል ብለን እኛ ከቦታው እንነሳለን ማለት ነው።

ልጁስ? አራስ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ከእናቱ ጡት እስከ ፊቷ ያህል። ዓለሙ ከስንዝር ብዙም አትበልጥም። እዚያች ስንዝር ውስጥ ካሜራ ተደቅኖ ከዋለ፣ ልጁ የቤተሰቡን ፊት የሚያይበት ቦታ አጣ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ መቅረጽ፣ ከዚያ አጥፍቶ ማቀፍ። ልጁ አድጎ አደራውን ሲረከብ፣ «አባዬ፣ እዚህ ላይ ለምን ተቋረጠ?» ብሎ ቢጠይቅ «አቅፌህ ነበር» ማለት ያኮራል እንጂ አያሳፍርም።