የጠመንጃ መዘግየትና የሰው ትዕግሥት

አንድ ሰው ክፉ ሥራ ሊሠራ ተነሥቶ መሣሪያው ዘግይቶበት ሳይሠራው ቢቀር፣ ይህ ሰው ታጋሽ ሊባል ይገባዋልን? ጥያቄው የቃል ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ጠመንጃ የወንድ ጌጥ ተብሎ በኖረበት በቡሬ አገር ለተወለደ ሰው ግን ነገሩ የሕይወትና የሞት ነው።

አባቶቻችን በአፉ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ስሙ ቀልድ ቢሆንም እውነት ይናገራል። ባለ ጠመንጃው አስቀድሞ ባሩዱን ሰፍሮ በአፈሙዙ ያፈሳል። ቀጥሎ አረሩን ቅባት በነካው ጨርቅ ጠቅልሎ አፈሙዙ ላይ ያኖርና በዘንግ እየገፋ እስከ ታች ይጠቀጥቀዋል፤ በአረሩና በባሩዱ መካከል ባዶ ስፍራ ከቀረ ብረቱ ሊፈነዳ ይችላልና በዚህ ላይ መቸኰል የለም። ከዚያ በኋላ ባለ ክር እንደ ሆነ ክሩን ይለኩሳል፤ ባለ ቆብ እንደ ሆነ ቆቡን ይደፋል። የሠለጠነ ወታደር ይህን ሁሉ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈጽመዋል። ገበሬ ግን፣ ይልቁንም እጁ በንዴት የሚንቀጠቀጥ ገበሬ፣ አንዱንም በቶሎ አይጨርሰውም። ባሩዱን የክረምት ዝናብ ካገኘው ደግሞ ጭራሽ እምቢ ይላል።

ዝግታ በራሱ በረከት ነው ለማለት አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም በመቅደላ አጠገብ በእሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች አብዛኞቹ በአፍ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ስናድር የታጠቀውን የእንግሊዝ ጦር ገጠሙ። ስናድር ማለት ያው የቀድሞው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1866 ጀምሮ ከኋላው ተቈርጦ በር ተሠራለትና በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩስ ጀመር። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን ወደ 700 የሚሆን ሰው አለቀ፤ ከእነርሱ ቈስለው የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። የዱሮውን መሣሪያ እያነሣ የዱሮውን ሰው የሚያመሰግን ሁሉ ይህንንም አብሮ ያስብ።

የጎረቤት ጠብ ግን ሌላ ነው። አያቴ አዘውትረው የሚያወሩት አንድ ታሪክ ነበር። ሁለት ገበሬዎች በድንበር ተጣልተው አንደኛው ወደ ቤቱ ሮጠና ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ። ባሩዱን አፍስሶ አረሩን ሲጠቀጥቅ እናቱ ደረሱና «ባጠባሁህ ጡቴ!» ብለው እግሩ ላይ ወደቁ። ጎረቤትም ተሰበሰበ፤ ዘንጉን ከእጁ ቀሙት። አገሩም «ለእናቱ ቃል የሚታዘዝ፣ ትዕግሥት ያለው ልጅ» ብሎ አመሰገነው። ከሁለት ወር በኋላ ይኸው ሰው ማታ ከምድጃው አጠገብ ረጋ ብሎ ተቀምጦ ጠመንጃውን አጎረሰ፤ በማለዳም መንገድ ዳር ሸምቆ ጎረቤቱን ገደለው። ደሙም እስከ ልጆቻቸው ወረደ።

እንግዲህ በፊተኛው ቀን የታየው ትዕግሥት የማን ነበር? እኔ የብረቱ ነበር እላለሁ። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ሰው ደግ ሥራን በመሥራት ደግ ይሆናል ብሎ አስተምሯል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የዘገየበት ሰው ደግ ሥራ ሠራ አይባልም፤ ክፉው ሥራ አመለጠው እንጂ። ቆመህ ጠብቀኝ የሚያግደው ቁጣን ነው። ቂምን ሊያግድ አይችልም፤ ቂም ጊዜ አለውና ባሩዱን ቀስ ብሎ ይሰፍራል።

ከዚህ የተነሣ መዘግየቱ ከንቱ ነበር የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። ያ ብረት ለአገሩ ሁለት ወር ሰጥቶት ነበር። ሽማግሎቹ ሰውዬው ዝም ሲል ጊዜ ነገሩ በረደ ብለው ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ድንበሩንም ሄዶ የለካ አልነበረም። የሙሴ ሕግ ከዚህ ይልቅ አስተዋይ ነው። ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ እንዲያመልጥ 6 የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር፤ ነገር ግን ሰውዬው ከተማው ከገባ በኋላ ነገሩ ተረሳ አልተባለም፤ በማኅበሩ ፊት ቆሞ ይፈረድለት ወይም ይፈረድበት ነበር። ርቀቱ ለችሎቱ ጊዜ መግዣ ነበር ማለት ነው።

ስለ ቂም ሳስብ አያቴ ጠመንጃቸውን ሲያጥቡ ያየሁት ይታወሰኛል። የጥቁር ባሩድ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ሲተኰስ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጢስ ሆኖ አይጠፋም፤ እኩሌታው ከጢሱ ጋር ቢወጣም የቀረው ጥላሸትና ጨው ሆኖ ውስጡ ይጣበቃል። ያም ጨው ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ብረቱን ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ጠመንጃው ደኅና ነው። አያቴ በጥምቀት ታቦቱን ለማክበር አንዴ ይተኩሱና ቤታቸው ሲመለሱ ገና እህል ሳይቀምሱ ውሃ ያስፈሉ ነበር። በዘንግ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ያጥቡታል፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው ሞራ ይቀቡታል። የኑግ ዘይት ግን አያስነኩትም፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናልና። ለነገ ይደር ሲሏቸው «ነገማ ዝገቱም ያድራል» ይሉ ነበር።

ዛሬ በአገራችን በየቤቱ ያለው ክላሽ ነው። 30 ጥይቱን በሦስት ሴኮንድ ይጨርሳል፤ በሦስት ሴኮንድ የምትደርስ እናት የለችም። ብረቱ ይሰጠን የነበረው ጊዜ ተወስዷልና የሚፈልገው ሰው በገዛ እጁ ሊሠራው ግድ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ገበሬ፣ ከወንድሙ ጋር በርስት መካሰስ በጀመረ ጊዜ ጠመንጃውን እቤቱ ሰቅሎ ጥይቱን ግን በሙሉ ለንስሓ አባቱ በአደራ ሰጠ። ማንም አላስገደደውም። ስለዚህ የዚህን ሰው መዘግየት የራሱ ትዕግሥት ነው ለማለት አላመነታም። ጎረቤቶቹ ፈሪ ይሉታል። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም፤ ሽማግሎቹ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይቀመጣሉ። በሰርግ ቀን ሌላው ሁሉ ወደ ሰማይ ሲተኩስ እርሱ ባዶውን ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ ያጨበጭባል።