ሚኒሞ

ጫሞ ሐይቅ ላይ እንግዳ እያመላለሰ የሚኖር አንድ ባለጀልባ ነበር። ጀልባው ረጅም የብረት ጀልባ ነው፤ ሞተሩ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት። ከአርባ ምንጭ የሚመጡትን ጎብኚዎች ጭኖ አዞዎች በብዛት ወደሚታዩበት ወደ አዞ ገበያ ሲወነጨፍ ሌሎቹ ጀልባዎች እሱ ባስነሣው ማዕበል እየተናጡ ከኋላው ይቀራሉ። ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀድሞ ይመለሳል፣ ሌላ ሰው ይጭናል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ የጠዋቷ ሰዓት ውድ ናት፤ በዚያ ሥራ ፍጥነት እንጀራ ነው። ይህን ሰው በፍጥነቱ የሚነቅፍ ቢኖር እኔ አልተባበረውም።

ረዳቱ ልጁ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ አምስት ገደማ። ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ ይጨልፋል፣ ገመድ ያስራል፣ ተሳፋሪውን እጁን ይዞ ያወርዳል። ቃል ግን አይወጣውም። "ልጁ መስማት ይሳነዋል እንዴ?" ብለው የጠየቁ እንግዶች ነበሩ። ይሰማል፤ ሁሉን ይሰማል። አባቱም ክፉ አልነበረም፤ እጁን አንሥቶበት አያውቅም። ብቻ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ትዕዛዙም ተከታትሎ ነው የሚወርደው፤ ልጁ የመጀመሪያውን ፈጽሞ ቀና ሳይል ሦስተኛው ይደርስበታል።

አንድ ቀን ዓሣ በዘንግ የሚያጠምድ እንግዳ ከአዲስ አበባ መጣ። የሚፈልገው ናይል ፐርችን ነበር። ናይል ፐርች የጫሞ ትልቁ ዓሣ ነው፤ ዝርያው ዕድሜ ካገኘ ወደ 2 ሜትር ርዝመትና ወደ 200 ኪሎ ክብደት ሊደርስ ይችላል። ዛሬ ዛሬ ዓይኑ በጠበበ መረብ ገና በልጅነቱ ስለሚለቀም እንዲህ ያለውን የሚያይ ሰው ብርቅ ሆኗል። እንግዳው ያመጣው መረብ አልነበረም። ከጀልባው ኋላ ረጅም ክር ለቅቆ፣ በክሩ ጫፍ ሰው የሠራትን ትንሽ ዓሣ እየጎተቱ መሄድ ነው አሠራሩ። ትንሿ ዓሣ ከአፏ ሥር ጠፍጣፋ ምላስ አላት። ስትጎተት ውሃው ምላሷን እየመታ ወደ ታች ያጠልቃታል፤ ግራና ቀኝም ያወዛውዛታል። የታመመ ቆሮሶ ዓሣ ትመስላለች። ናይል ፐርች ደግሞ አድፍጦ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ቋጥኝ ሥር ወይም ውሃው ድንገት በሚጠልቅበት ጠርዝ ላይ ሆኖ የደከመውን ይጠብቃል።

እንግዳው ክሩን ከመልቀቁ በፊት ትንሿን ዓሣ ከጀልባው ጎን አንድ ክንድ ያህል አጠለቃትና አጎንብሶ አያት። በጀርባዋ ተገልብጣ ትሽከረከራለች። ቀና ብሎ "ቀስ በልልኝ ወንድሜ" አለ።

ባለጀልባው ቀነሰ። ዓሣዋ አሁንም ተገለበጠች። "ትንሽ ደግሞ ቀስ።" ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው መለሰው። እንግዳው ፍጥነት የምትለካ መሣሪያ ከኪሱ አውጥቶ አሳየው፤ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ትላለች። እሱ የሚፈልገው ከ3 እስከ 5፣ ማለት ሰው ተዝናንቶ በእግሩ የሚሄደውን ያህል ነው።

"ከዚህ በታች የለም፤ ሚኒሞ ላይ ነኝ" አለ ባለጀልባው።

እውነቱን ነው። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ሞተሩ ሳይጠፋ የሚሠራበትን የመጨረሻ ዝቅታ ነው። ባለ 40 ጉልበት ሞተር ሦስት ሰው ብቻ የጫነ ጀልባ ላይ ሚኒሞው ራሱ ሩጫ ነው፤ ነፋሱ ከኋላ ከገፋ ደግሞ ይብሳል።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረምና ያልሞከረው የለም። ማርሹን እያወጣ እያስገባ ሄደ፤ ማርሹ ሲወጣ ትንሿ ዓሣ ሞታ ትሰጥማለች፣ ሲገባ ተነቅንቃ ትወረወራለች። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሄደ፤ ይሄኛው ጥሩ ነበር፤ ግን ሲመለስ ነፋሱ ያተረፈለትን መልሶ ወሰደበት። እንግዳው ባዶ እጁን ወርዶ ነገ እንደሚመለስ ነገረው። ባለጀልባው ከሰዓት መካኒክ ዘንድ ሄዶ ሚኒሞውን በብሎኑ አስቀነሰ። ማርሽ ሲያስገባ ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነሥቶ ቢያዘግም ካንዴላው ረጠበ። በ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት የሚቀላቀልለት ባለሁለት ምት ሞተር ዝቅ ብሎ ብዙ ሲቆይ ዘይቱ በወጉ አይቃጠልም፤ ካንዴላው ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ማታ ዓሣ ከሚራገፍበት ዳርቻ ሲደርስ አንዲት ባልቴት ዓሣ ሲበልቱ አገኘ። ባላቸው አስጋሪ ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ፊሌቶ እያወጡ ነው የሚኖሩት። አንድ ናይል ፐርች ጣውላው ላይ አጋድመው ሆዱን በአንድ ስንጥቅ ከፈቱት፤ ጣታቸውን አግብተው ከጨጓራው አንድ ቆሮሶ ሙሉውን አወጡ። አንድም ቦታ አልታኘከም፤ ቅርፊቱ እንኳ ገና ያበራል።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አሉት።

"ሞተሩ አላንስ አለኝ፣ እትዬ።"

ነገራቸው። ቢላውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙት።

"እሱማ እንዴት ይነስ? የተፈጠረበት ነው። ለምን ጉልበቱን ትቀማዋለህ? የሚጎትተው ስጠው እንጂ።"

"ምን ይጎትት?"

ከጎናቸው የነበረውን የዓሣ ባልዲ ገለበጡት። ታቹ ላይ አውራ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት። "ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህንን ነበር ከጎኑ የሚጎትተው። ከኋላ እንዳታስረው፤ ማዕበሉ በኋላ በኩል ገብቶ ይሞላሃል። ከመካከል ወደ ፊት እሰረው። ገመዱ ደግሞ ቢዘረጋ ፕሮፔለሩ ጋ የማይደርስ ይሁን። ቋጠሮውን አንዴ ሲሳብ የሚፈታ አድርገው፤ ገመዱ አጠገብም ሰው አስቀምጥ።"

"ሰው ለምን?"

"ባልዲ ውሃ ውስጥ እያለ መሮጥ አትችልማ። ሐይቁ ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ እንዴ? መሮጥ ያስፈለገህ እንደሆነ የሚፈታልህ ሰው ያስፈልጋል። አንተ መሪውን ይዘሃል፤ እጅህ አይደርስም።"

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ላቁመው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው "ሚኒሞ ላይ ነኝ" ያለው ቃል ከጀልባ ውጭም ብዙ ጊዜ ይሰማል። ብርቱ ሰው ዝቅ ብያለሁ ሲል አይዋሽም። የመሥሪያ ቤት አለቃ "እኔ እኮ በቀስታ ነው የነገርኩት" ይላል፤ እውነት በቀስታ ነግሯል፤ የሰማችው ሠራተኛ ግን ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን አድራለች። አባት "ቆጣ እንኳ አላልኩትም" ይላል፤ ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚያስበውን መናገር ትቷል። አለቃውም አባትየውም የሚለኩት ከራሳቸው ከፍታ ምን ያህል እንደወረዱ ነው። እንግዳው ግን ሞተሩን አላየም፤ አጎንብሶ ያየው በክሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ዓሣ ነው። እሷ እስካልተስተካከለች ድረስ የነዳጅ መስጫው የትም ይሁን የት ፍጥነቱ ገና በዝቷል። በቅን ልብ ዝቅ ማለት መልካም ነው፤ በሌላው ላይ የሚደርሰውን ሳያዩ ግን ልኩ አይታወቅም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከተፈጥሮው በታች መውረድ አይችልም፤ እንዲህ ያለው ባልዲውን መፈለግ አለበት፤ የሚይዘውን ነገር ከራሱ ውጭ አምጥቶ በገዛ እጁ ማሰር አለበት።

በማግስቱ ሚኒሞው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ባልዲውም ከጀልባው ግራ ጎን ታሰረ። ልጁ ገመዱ አጠገብ ተቀመጠ። አባትየው ማርሽ ሲያስገባ ባልዲው መጀመሪያ ውሃው ላይ ተንከባለለ፣ ከዚያ አፉን ወደ ፊት አዙሮ ጠለቀ፤ ገመዱም ተወጠረ። ጀልባው ወደ ግራ ሊስብ ሲል መሪውን ጥቂት ወደ ቀኝ ይዞ አቀናው። መሣሪያዋ 6 አለች፣ 5 አለች፣ 4 ተኩል ላይ ቆመች። ነፋሱ ሲገፋ ገመዱ ይበልጥ ይወጠራል፤ ነፋሱ ሲተው ይላላል። የውሃ ነገር እንዲህ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መያዙ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ባልዲው ማንም ሳያዘው ጀልባው መፍጠን ሲጀምር አጥብቆ ይይዘዋል።

እንግዳው ትንሿን ዓሣ ከጎን አጠለቃት። ቀጥ ብላ ሆዷን ወደ ታች አድርጋ ዋኘች። ክሩን ለቀቀ። የዘንጉ ጫፍ ሳያቋርጥ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይርገበገብ ጀመር።

ሞተሩም አልጠፋም፤ ጩኸቱ ግን ዝቅ ያለ ስለነበር ሰው ሳይጮህ ይደማመጥ ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። አባትየው የሚያዘው ነገር አልነበረም፤ ገመዱ ታስሯል፣ ውሃው ተጨልፏል። ከዚያ ልጁ ዞር ሳይል፣

"አባዬ፣ ከዚያች ቋጥኝ ወዲያ ውሃው ይጠቁራል" አለ።

"ምን?"

"ይጠልቃል። ቆሮሶዎቹ ጠርዙ ላይ ይሰበሰባሉ። ሁልጊዜ ነው የማያቸው።"

አባትየው በዚያች ቋጥኝ አጠገብ ስንት ዓመት አልፏል። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

ልጁ ፊቱን አዙሮ አየው። በንዴት አልነበረም፤ በእውነት መልሱን ፈልጎ ነው የጠየቀው።

"መቼ ልንገርህ?"

ባለጀልባው መልስ አልሰጠም። መሪውን ወደ ቋጥኟ አዞረ።

ጠርዙን ተከትለው ጥቂት እንደሄዱ ዘንጉ ተለመጠ፤ ክሩ እየጮኸ ይወጣ ጀመር። ከኋላቸው ዓሣው ከውሃው በላይ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ራሱን ናጠ፤ አፉ የባልዲ አፍ ያህላል። እንግዳው እግሩን ተክሎ ይታገል ያዘ። አባትየው ዓይኑ ከዓሣው ላይ አልተነቀለም። ልጁ ግን የሚያየው ፊት ለፊቱን ነበርና ከጀልባው ቀኝ፣ ቅርብ ላይ፣ አረፋ ወደ ላይ ሲፈላ አየ። ከዚያ ሁለት ጆሮና የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ።

"ጉማሬ!" ቋጠሮውን ሳበው። "ወደ ግራ፣ አባዬ! ወደ ባልዲው አዙረው! ነዳጅ ስጥ!"

ወደ ባልዲው ማዞር ለማያውቅ ሰው ስሕተት ይመስላል፤ ገመዱ ፕሮፔለሩ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ የጀልባው አፍንጫ ወደ ግራ ሲዞር ኋላው ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ፕሮፔለሩም ከገመዱ ይርቃል። ልጁ ይህን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም። አባቱም ለምን አላለም። አዞረ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ያ የተነቀፈው 40 የፈረስ ጉልበት በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ከቦታው አወጣቸው። ጉማሬው አፉን ከፍቶ ሲዘጋ እነሱ ርቀው ነበር።

ክሩ ተበጥሷል። ዓሣው ትንሿን ዓሣ ይዞ ሄደ፤ ባልዲውም ሐይቁ ውስጥ ቀረ። እንግዳው ባዶውን ዘንግ ይዞ ቁጭ አለና ትንፋሹ ሲመለስለት የልጁን እጅ ጨበጠ። ነገም እንዲወጡ ጠየቀ፤ እዚያው ቋጥኝ ጋ፣ ከጉማሬዎቹ ግን ራቅ ብለው።

ባልቴቷ ዳርቻው ላይ ባልዲያቸውን ጠየቁ። አባትየው የሆነውን ነገራቸው፤ በሚናገርበት ጊዜ አንድ ቦታ ሲሳሳት ልጁ "የለም፣ መጀመሪያ ያየሁት አረፋውን ነው" ብሎ አረመው፤ እሱም አርሞ ቀጠለ። የባልዲውን ዋጋ ከፈላቸው፤ እሳቸውም ግማሹን መለሱለትና ለቀዳዳው የሚሆን ወፍራም ሚስማር አቀበሉት።

አመሻሽ ላይ አባትና ልጅ ገበያ ወጡ። ባለሱቁ ባልዲዎቹን ደርድሮ "ስንት ልስጥህ?" አለ። አባትየው ወደ ልጁ ዞረ።

"ለሁለቱም ጎን እንግዛ፤ ትርፍም ይኑረን" አለ ልጁ።

"ነገ ግን ስንቱን እንጣል?"

"ጠዋት ነፋሱን አይቼ እነግርሃለሁ።"