ስም የሌለው ዋሌት



ክሪፕቶ የያዘ ወጣት «ማንም አያውቀኝም» ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሐላል ነው ሐራም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ እሱን ለነሱ እንተወውና ይቺን ቃል እንያት።

ቢትኮይን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ዝውውር ማንም ከፍቶ በሚያየው መዝገብ ላይ ተጽፏል። የሚጻፈው ስም ሳይሆን ረጅም የፊደልና የቁጥር አድራሻ ነው። አድራሻው አንድ ቀን ከመታወቂያ ጋር ከተገናኘ ግን የኋላው ሁሉ ይነበባል። በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ወደ 120 ሺህ የሚጠጋ ቢትኮይን ተሰረቀ። ገንዘቡ በትንንሹ እየተቆራረሰ ከአድራሻ ወደ አድራሻ ሲዞር ከረመ። በ2022 የአሜሪካ መርማሪዎች ዱካውን ተከትለው ባልና ሚስት ያዙ፤ ከ94 ሺህ በላይ ቢትኮይንም ተወሰደባቸው።

«እኔ ሞኔሮ ነው የምጠቀመው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሞኔሮ ላኪውንም ተቀባዩንም መጠኑንም ይሸፍናል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። አላህ በሱረቱል ሑጁራት የሰው ነውር መሰለልን ከልክሏል፤ ገንዘብህን ከሌባና ከወሬኛ ዓይን መሸሸግ መብትህ ነው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሐቅ ካለው ሰው መሸሸግ ግን ሌላ ነገር ነው። ኒሳብ ሞልቶ ዓመት በዞረበት ሀብት ውስጥ ሚስኪኑ ድርሻ አለው። «የለኝም» የተባለው አበዳሪም ዋሌትህን ከፍቶ ማየት አይችልም፤ በቃልህ አምኖ ነው የተመለሰው።

ከሁሉም የሚረሳው ወራሽ ነው። የብዙ ዋሌቶች ቁልፍ 12 ወይም 24 ቃላት ነው። እነሱን አንተ ብቻ ካወቅካቸውና ዛሬ ማታ አጀልህ ቢደርስ፣ እንደ ባንክ ደብተር ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያስከፍት የለም። የእናትህም፣ የሚስትህም፣ የልጆችህም ድርሻ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ዕዳ ካለብህማ ከውርስ በፊት የሚከፈለው እሱ ነው። ከምን ይከፈል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር አስተምረዋል።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት መልስ ወረቀት አውጣ። ዋሌት እንዳለህ፣ ማን ምን እንዳበደረህ ጻፍ። ቃላቱን ለብቻ በታሸገ ፖስታ አስቀምጥና የት እንዳለ አማና የሚጠብቅ አንድ ሰው ይወቅ። ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም እንዳትልከው ብቻ!